ዶላር ከአገሩ ውጭ ሲነገድ ዶላሩ ራሱ የት ነው ያለው?

ጥያቄ_አለኝ፦
ሰላም ለቤቱ። ፎሬክስ ማንበብ ከጀመርኩ አምስት ወር ሊሞላኝ ነው፣ በእውነተኛ ገንዘብ ገና አልጀመርኩም ዴሞ ላይ ነኝ፣ እና አንድ ነገር ጭንቅላቴን እየበጠበጠው ስለሆነ ነው ይሄን ክር የከፈትኩት። እኔ ዩሮዶላር ሲባል የማውቀው ቻርት ላይ ያለውን ጥንድ ነው፣ ዩሮ በዶላር ስንት ነው የሚለውን። ትናንት አንድ የድሮ ፅሁፍ ሳነብ ግን የዩሮዶላር ገበያ በ1950ዎቹ ተጀመረ ይላል። ዩሮ እኮ 1999 ነው የመጣው!! ሰውዬው ተሳስቶ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ? ደሞ ቀጥሎ ዶላር ለንደን ላይ፣ የቻይናው ዩዋን ሆንግ ኮንግ ላይ፣ ከአገራቸው ውጭ ይነገዳሉ ምናምን እያለ ይሄዳል። እና ጥያቄዬ የጅል ሊመስል ይችላል ግን ልጠይቅ፣ ዶላር ለንደን ውስጥ ሲሸጥ ዶላሩ በአካል ለንደን ነው ያለው? ማነው የሚያመጣው?

ቀልደኛው_ትሬደር፦
በአውሮፕላን ነው የሚመጣው፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ። ሃሃሃ ይቅርታ ወንድሜ፣ ቀልዴን ነው። እኔም መልሱን ስለማላውቀው ነው የቀለድኩት፣ እከታተላለሁ።

ዴስክ_ላይ_የነበርኩ፦
ኧረ የጅል ጥያቄ አይደለም። እኔ ባንክ ውስጥ ትሬዠሪ ክፍል ከገባሁ በኋላ ራሱ በደንብ እስኪገባኝ ስድስት ወር ፈጅቶብኛል፣ አብረውኝ የሚሰሩት ግማሾቹ ደሞ ሳይገባቸው ነው ጡረታ የወጡት።

መጀመሪያ ስሙን እንገላገለው። እዚህ ጋ «ዩሮ» የሚለው ከዩሮ ገንዘብ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። አንድ ገንዘብ ካወጣው አገር ውጭ ባለ ባንክ ሲቀመጥ ከፊቱ «ዩሮ» ይለጠፍበታል በቃ። ለንደን የተቀመጠ ዶላር ዩሮዶላር ነው፣ ሲንጋፖር የተቀመጠ ዶላርም ያው ዩሮዶላር ነው፣ አውሮፓ ውስጥ ባይሆንም። ለንደን ያለ የጃፓን የን ዩሮየን ይባላል። ሳይቶች ላይ ሰው ሁለቱን እያምታታ ሲፅፍ አያለሁ፣ አንተ ግን ከዛሬ ጀምሮ አትምታታ፣ ያነበብከው ሰውዬ ትክክል ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ዶላሩ የትም አይሄድም። አንድ ነጋዴ ኒው ዮርክ ያለ ባንክ ውስጥ 10 ሚሊዮን ዶላር አለው እንበል። የለንደን ባንክ የተሻለ ወለድ እሰጥሃለሁ አለውና ነጋዴው አዘዋውሩልኝ አለ። ምን ተደረገ መሰለህ? የለንደኑ ባንክ ራሱ ኒው ዮርክ ውስጥ ሂሳብ አለው፣ እኛ ኖስትሮ ነው የምንለው። 10 ሚሊዮኑ ከነጋዴው ሂሳብ ወጥቶ እዛው ኒው ዮርክ የለንደኑ ባንክ ሂሳብ ውስጥ ገባ። ኒው ዮርክ ያለው ጠቅላላ ዶላር በአንድ ሳንቲም አልጎደለም፣ የተቀየረው የባለቤቱ ስም ነው። ነጋዴው ደሞ አሁን ያለው ነገር የለንደኑ ባንክ «10 ሚሊዮን ዶላር አለብኝ» ብሎ በመዝገቡ የፃፈለት ነው። እሱ ፅሁፍ ነው ዩሮዶላር ማለት። ከዛ የለንደኑ ባንክ ለፍራንክፈርት ባንክ ያበድራል፣ የፍራንክፈርቱ ቶኪዮ ላለ ኩባንያ ያበድራል፣ በያንዳንዱ ጊዜ ኒው ዮርክ ላይ ስም ብቻ ይቀየራል፣ ውጭ ግን በዛችው 10 ሚሊዮን ላይ ሶስት ዕዳ ተደርድሯል።

ማለትም ውጭ የወጣው ዶላሩ ሳይሆን የዶላር ቃል ኪዳኑ ነው።

ተጠራጣሪው፦
ይሄ ነገር እኮ በኛ አባባል ላም አለኝ በሰማይ ነው። ወተቷንም አላይ። ለንደን ያለው ሰውዬ ዶላር አለኝ ይላል፣ ዶላሩ ኒው ዮርክ ነው፣ ኒው ዮርክ ያለው ደሞ በሌላ ሰው ስም ነው። አሜሪካ አንድ ቀን ጠዋት ተነስታ ያን ሂሳብ ብታግደውስ? ያ ለንደን ያለው መዝገብ ምን ሊበላ ነው?

ዴስክ_ላይ_የነበርኩ፦
ተጠራጣሪው ሁሌ ከስምህ ጋር ትሄዳለህ ሃሃ፣ ግን ጥያቄህ በፍርድ ቤት የተጠየቀ ጥያቄ ነው እኮ። ጃንዋሪ 1986 ላይ የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ሬጋን የሊቢያን ንብረት አገደ። የሊቢያ አረብ ፎሪን ባንክ የሚባለው ባንከርስ ትረስት የተባለ የአሜሪካ ባንክ የለንደን ቅርንጫፍ ውስጥ 131 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበረው። ሊቢያዎቹ ገንዘባችንን ስጡን አሉ። ባንኩ ምን አለ፣ እኔ የአሜሪካ ባንክ ነኝ፣ ደሞ ይሄን የሚያህል ዶላር ያለ ኒው ዮርክ ማጣሪያ መክፈል አይቻልም፣ ኒው ዮርክ ላይ ደሞ ታግዷል፣ ስለዚህ እጄ ታስሯል አለ።

የለንደን ፍርድ ቤት በ1987 የፈረደው ግን ሂሳቡ ለንደን ውስጥ ስለሆነ የሚገዛው በእንግሊዝ ህግ ነው ብሎ ነው። ኒው ዮርክ አላሳልፍም ካለች በጥሬ ገንዘብ ክፈል፣ ዶላር ኖቱን ማግኘት ካልቻልክ በፓውንድ ክፈል፣ ዕዳ ዕዳ ነው፣ ተባለ። እስኪ አስበው፣ አንድ መቶ ሰላሳ አንድ ሚሊዮን ዶላር በከረጢት!

ስለዚህ መልሱ ሁለት ፊት አለው። ለንደን ያለው መዝገብ የለንደን ህግ አለው፣ ላምህ ሰማይ ላይ አይደለችም፣ ሌላ ሰው ግቢ ታስራ ነው። ግን ወተቱ የሚታለበው ብዙውን ጊዜ ኒው ዮርክ ነው፣ ፌድዋየር እና ቺፕስ በሚባሉት የክፍያ መስመሮች በኩል። ለዛ ነው ማዕቀብ ያን ያህል የሚያመው። የአሜሪካ ባንክ ደንብ ውጭ ላይ አይደርስም፣ የአሜሪካ ቧንቧ ግን ይደርሳል።

ታሪክ_አሳዳጁ፦
ቆይ ቆይ፣ ታሪኩን ሳንናገር አንለፍ። (ረጅም ነው፣ ያልፈለገ ይዝለለው።)

ሁሉም ሰው የሚያወራው የሶቭየቶቹን ነው። ቀዝቃዛው ጦርነት ሲጀምር ሶቭየት ህብረት እና ጓደኞቿ ዶላር ነበራቸው፣ ኒው ዮርክ ቢያስቀምጡት ይታገድብናል ብለው ፈሩ፣ ስለዚህ ራሳቸው የያዟቸው ሁለት ባንኮች ውስጥ አደረጉት፣ አንዱ ለንደን ያለው ሞስኮ ናሮድኒ፣ ሌላው ፓሪስ ያለው ባንክ ኮሜርሲያል ፑር ሌሮፕ ዱ ኖር። የፓሪሱ ባንክ የቴሌክስ አድራሻው «ዩሮባንክ» ነበር፣ እና ዩሮ የሚለው ቅጥያ ከዛ ነው የመጣው ይባላል። ታሪኩ ይጥማል፣ አሜሪካን የሚፈራ ኮሚኒስት የአሜሪካን ገንዘብ ገበያ ፈጠረ ሲባል ማን ይጠላል።

እኔ ግን እሱ ላይ ብቻ መንጠልጠሉ አይመቸኝም። ፍርሃት ገንዘቡን ወደ ውጭ ሊያመጣው ይችላል፣ ገበያ የሚያደርገው ግን ወለድ ነው። አሜሪካ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሬጉሌሽን ኪው የሚባል ደንብ ነበራት፣ ባንኮች ለተቀማጭ የሚከፍሉት ወለድ ጣሪያ አለው፣ ለተንቀሳቃሽ ሂሳብ ጭራሽ ዜሮ። በ1955 የለንደኑ ሚድላንድ ባንክ ምን አደረገ፣ ለ30 ቀን የዶላር ተቀማጭ 1.875 በመቶ እከፍላለሁ አለ። አሜሪካ ውስጥ ለተመሳሳይ ጊዜ የተፈቀደው 1 በመቶ ነበር። ከዛ ዶላሩን ወዲያው ሸጦ ፓውንድ አደረገው፣ እዛው በዛው በወሩ መጨረሻ ዶላሩን መልሶ ለመግዛት ፎርዋርድ (ዋጋው ዛሬ የሚቆረጥ የወደፊት) ውል ገባ፣ እሱ 2.125 በመቶ አስወጣው። ደምሩት፣ 4 በመቶ። በጊዜው የእንግሊዝ ባንክ ወለድ 4.5 በመቶ ነበር። ፓውንድ በ4 በመቶ አገኘ ማለት ነው፣ አገር ሁሉ በ4.5 ሲሯሯጥ! የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ አየ፣ ትንሽ ጠየቀ፣ ከዛ ዝም አለ። ያ ዝምታ ነው እንግዲህ ገበያውን የወለደው ብዬ ነው የማምነው።

ከዛ 1957 ፓውንድ ሲናጋ እንግሊዝ ባንኮቿ ለሌሎች አገሮች የእርስ በርስ ንግድ በፓውንድ እንዳያበድሩ ከለከለች። ደንበኛ ሊያመልጣቸው ነው፣ ምን ያርጉ፣ በዶላር አበደሩ። የአንዷ ክልከላ ገንዘቡን አመጣ የሌላዋ ክልከላ ተበዳሪውን አመጣ። በ1963 ኬኔዲ ደሞ አሜሪካኖች የውጭ ቦንድ ሲገዙ ታክስ እንዲከፍሉ ላድርግ አለ፣ ቦንዱም ወደ ለንደን ሄደ፣ ለዚያውም የመጀመሪያው ዩሮቦንድ የሚባለው የጣሊያን አውራ ጎዳና ኩባንያ የአውቶስትራዴ 15 ሚሊዮን ዶላር እዛው ሰሞን ነው የወጣው። ዋሽንግተን በር በዘጋች ቁጥር ለንደን ውስጥ መስኮት ይከፈታል፣ በመጨረሻ የአሜሪካ ባንኮች ራሳቸው ደንበኞቻቸውን ተከትለው ለንደን ቅርንጫፍ ከፈቱ።

ቀልደኛው_ትሬደር፦
ሚድላንድ ባንክ በ1955 ያደረገው ነገር እኮ እኔ ዴሞ ላይ ላደርግ እየሞከርኩ የምከስርበት ነገር ነው።

አዲስ_ገቢ_22፦
ሰላም፣ እኔ ኦፍሾር ብሮከር ጋ አካውንት አለኝ፣ ይሄ የምታወሩት ነገር እሱ ነው? ምክንያቱም ትርፌን ላወጣ ስል ሶስት ሳምንት ሆነው፣ መታወቂያ ላክ ይሉኛል፣ ስልክላቸው ደሞ እንደገና መታወቂያ ላክ ይሉኛል። ዶላሬ ከአገር ውጭ ስለሆነ ነው እንዴ የሚዘገየው?

ዴስክ_ላይ_የነበርኩ፦
አይደለም ወንድሜ፣ ስሙ ብቻ ነው የሚመሳሰለው። አንተ ያለህ አብዛኛውን ጊዜ ከብሮከሩ ጋር የገባኸው ውርርድ ነው፣ ሲኤፍዲ የሚሉት፣ ምንም ዶላር ወይ የን አልገዛህም፣ ዋጋው ከፍ ዝቅ ሲል ልዩነቱን እሱ ይከፍልሃል ወይ አንተ ትከፍለዋለህ። «ኦፍሾር» የተባለውም ድርጅቱ ቁጥጥር የላላበት ቦታ ስለተመዘገበ ነው። ሶስት ሳምንት ጥሩ ምልክት አይደለም። ተጨማሪ ገንዘብ አስገባ ካሉህ እንዳትልክ፣ ያለህን ቻት እና ስክሪንሾት ሁሉ አስቀምጥ፣ የተመዘገቡበትን አገር ተቆጣጣሪ ድረ ገፅ ገብተህ ፈቃዳቸው እውነተኛ መሆኑን እይ፣ ካርድ ተጠቅመህ ከሆነ ካርዱን ለሰጠህ ባንክ አሁኑኑ ተናገር። ለዚህ የራሱ ክር አለ፣ እዛ ፃፍ ብዙ ሰው ይረዳሃል።

አወያይ፦
«ትርፍህን እናስመልስልሃለን» የሚሉ ሁለት መልሶች አጥፍቻለሁ። አዲስ_ገቢ_22፣ በውስጥ መስመር የሚያናግሩህን እንዳትመልስላቸው። ወደ ርዕሱ ተመለሱ።

ጥያቄ_አለኝ፦
ታሪክ_አሳዳጁ አንተ ሰው ነህ! ሁለቴ ነው ያነበብኩት። እሺ ዶላሩ ገባኝ። ዩዋኑስ? አንዱ ቦታ ሲኤንዋይ ይላል ሌላው ሲኤንኤች ይላል፣ ዋጋቸውም ትንሽ ይለያያል። አንድ ገንዘብ እንዴት ሁለት ዋጋ ይኖረዋል? ዶላር ለንደን እና ኒው ዮርክ ላይ አንድ አይደል እንዴ?

የምስራቅ_ነፋስ፦
ዶላር አንድ የሆነው ኒው ዮርክና ለንደን መሃል አጥር ስለሌለ ነው። በአንዱ ቢረክስ ሰው ከዛ ገዝቶ እዚህ ይሸጥና ያስተካክለዋል። ቻይና ግን አጥር አላት። ሲኤንዋይ አጥሩ ውስጥ ያለው ነው፣ ማዕከላዊ ባንኩ በነሱ ጠዋት 3፡15 ሰዓት ላይ (በፈረንጅ አቆጣጠር 9፡15) መነሻ ዋጋ ያወጣል፣ ከ2014 ጀምሮ ከዛ ዋጋ ወደ ላይም ወደ ታችም ከ2 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ነው ደንቡ። ሲኤንኤች ደሞ ከአጥሩ ውጭ ያለው ነው፣ በ2010 ሆንግ ኮንግ ላይ ነው የተጀመረው፣ «ኤች» የምትለዋም ከሆንግ ኮንግ ነች ይላሉ፣ ዛሬ ግን ለንደንም ሲንጋፖርም አለ። እዛ የ2 በመቶ ገመድ የለም፣ ገበያው ያለው ዋጋ ነው የሚሆነው። አጥሩ ላይ በሮች አሉ፣ የንግድ ክፍያ ያልፋል፣ ምናምን ያልፋል፣ ለዛ ነው ዋጋቸው ብዙ የማይራራቀው። በሩ ሲጣበብ ወይ ሰው ሲደነግጥ ግን ይራራቃሉ።

ጉዱን የምታየው 2016 ላይ ነው። ኦገስት 2015 ቻይና ዩዋንን በአንድ ቀን ወደ 2 በመቶ አካባቢ አወረደችው፣ ሰው ሁሉ ገና ይወርዳል ብሎ ሆንግ ኮንግ ላይ ዩዋን እየተበደረ መሸጥ ጀመረ። ሲኤንኤች ከሲኤንዋይ በታች ወረደ፣ ክፍተቱ ሰፋ። ልብ በል፣ የሌለህን ነገር ለመሸጥ መበደር አለብህ። ውጭ ያለው ዩዋን ደሞ ኩሬ ነው፣ ባህር አይደለም፣ የሚሞላውም የሚጎድለውም አጥሩ ውስጥ ካለው ወንዝ ነው። ከቻይና በኩል ያሉት ባንኮች ያን ኩሬ አደረቁት። ጃንዋሪ 12 ቀን 2016 ሆንግ ኮንግ ላይ ዩዋን ለአንድ ሌሊት የመበደሪያ ወለዱ በዓመት ሲሰላ 66.8 በመቶ ገባ!! ይወርዳል ብሎ የተበደረው ሁሉ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ መልሶ ገዛ፣ ሲኤንኤች ተመልሶ ወጣ። አንድም አዋጅ አልወጣም።

ተጠራጣሪው፦
እሱ ዘዴ አዲስ አይደለም። ታይላንድ በሜይ 1997 ያንኑ ነው ያደረገችው፣ ባንኮቿ ለውጭ ሰዎች ባህት እንዳያበድሩ አለች፣ ውጭ ያለው ባህት ወለዱ ሰማይ ነካ፣ ይወርዳል ብለው የተወራረዱት ስፔኩሌተሮች ተቃጠሉ። ከዛ ምን ሆነ? ጁላይ 2 ላይ ራሷ ባህቱን ለቀቀችው። ቱርክም ማርች 2019 ምርጫ ሰሞን ለንደን ላይ የሊራን የአንድ ሌሊት ስዋፕ (በሌላ ገንዘብ ለውጦ የመበደር) ወለድ ከ1,000 በመቶ በላይ አደረሰችው፣ ሊራ ለጥቂት ቀን ቀጥ አለ፣ ዛሬስ ሊራ የት ነው? ኩሬ ማድረቅ ትንፋሽ መግዣ ነው፣ ሌላ አይደለም። ቻይና የቻለችው ከኋላ ሶስት ትሪሊዮን ዶላር መጠባበቂያ ስላላት ነው።

የምስራቅ_ነፋስ፦
እስማማለሁ፣ ግን ማሌዥያን ረሳህ። ሴፕቴምበር 1998 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማሃቲር በቃኝ አለ፣ ሪንጊት ከአገር ውጭ አይነገድም፣ ውጭ ያለ ሪንጊት እስከ ኦክቶበር 1 ካልተመለሰ ዋጋ የለውም ተባለ፣ ምንዛሬውም አንድ ዶላር በ3.80 ሪንጊት ተቸነከረ። ሲንጋፖር ላይ የነበረው የሪንጊት ገበያ በአንድ ወር ሞተ። የውጭ ኤክስፐርቱ ሁሉ አገር ይፈርሳል ሲል ነበር፣ አልፈረሰችም፣ ችንካሩም እስከ 2005 ቆየ። የሚገርመው ደሞ ያችው ሲንጋፖር የሰውን ዶላር ከ1968 ጀምሮ ኑ እኔ ጋ ነግዱት ስትል፣ የራሷን ዶላር ግን ውጭ ያሉ ሰዎች ተበድረው እንዳይጫወቱበት ለብዙ ዓመት ገደብ አድርጋበት ነበር። ሰው ቤት ሄዶ መደነስ እንጂ በራስ ቤት ማስደነስ ይከብዳል።

የቁጥር_ሰው፦
ተጠራጣሪው እና ነፋስ የረሳችሁት ነገር አለ፣ ኤንዲኤፍ። መንግስት ገንዘቤ ውጭ አይነገድም ካለ በኋላ እንኳን የሚነገድበት መንገድ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ገንዘቡ ራሱ አያስፈልግም! የኮሪያ ዎን፣ የህንድ ሩፒ፣ የታይዋን ዶላር፣ የብራዚል ሪያል በብዛት በዚህ ነው ውጭ የሚነገዱት። ሁለት ሰዎች ዛሬ ዋጋ ይስማማሉ፣ ቀኑ ሲደርስ አገር ቤት የወጣውን ይፋ ዋጋ ያዩና ልዩነቱን በዶላር ይከፋፈላሉ። አንድም ዎን እጅ አይቀየርም።

ምሳሌ ልስጥ፣ ቁጥሩ የፈጠራ ነው። አንተ ከሶስት ወር በኋላ 1 ሚሊዮን ዶላር፣ አንዱን በ1,300 ዎን፣ ለመግዛት ዛሬ ተስማማህ። ቀኑ ሲደርስ ይፋው ዋጋ 1,350 ሆነ። 50 ዎን አተረፍክ በያንዳንዱ ዶላር፣ 50 ሚሊዮን ዎን፣ ለ1,300 ስታካፍለው 38,461 ዶላር ይከፈልሃል።

ዴስክ_ላይ_የነበርኩ፦
የቁጥር ሰው በቁጥር ተያዝክ ሃሃ። የሚካፈለው በመጨረሻው ዋጋ ነው፣ በተስማማችሁበት አይደለም። 50 ሚሊዮን ዎኑን በዛ ቀን ዶላር ብታደርገው በ1,350 ነው የምትመነዝረው፣ ስለዚህ 37,037 ዶላር። ትንሽ ትመስላለች፣ ግን እኔ በነበርኩበት ቦታ አንድ ልጅ ይቺን ስፕሬድሺት ላይ ተሳስቶ ሁለት ቀን ሙሉ ከሌላው ባንክ ጋር በኢሜይል ሲጨቃጨቅ ነበር፣ እነሱ ትክክል፣ እሱ ስህተት፣ አለቃው ደሞ ከሱ ጎን ቆሞ።

የቁጥር_ሰው፦
እሺ ልክ ነህ፣ ፈጥኜ ፃፍኩት። 37,037። ዋናው ነጥቤ ግን ያው ነው፣ ማሌዥያ በ2016 መጨረሻ ላይ እንደገና ኤንዲኤፍን ልትከለክል ሞክራለች፣ የራሷን ባንኮች እና እነሱ ጋ የሚሰሩትን አስፈራርታ አዳክማዋለች፣ ግን ለንደን ያለ ባንክ ከኒው ዮርክ ፈንድ ጋር በዶላር የሚወራረደውን በምን ህግ ታስቆመዋለህ? ኮሪያ በተቃራኒው ሄደች፣ በ2024 አገር ቤት ያለውን ገበያ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አራዘመችው፣ የውጭ ባንኮችም በቀጥታ ይግቡ አለች፣ ውጭ የምትነግዱትን እዚሁ ነግዱት ነው ነገሩ። እኔ የኮሪያው ይሻላል ባይ ነኝ።

ተጠራጣሪው፦
እኔ አይደለሁም፣ ግን ለሊት ሙሉ ስለዚህ መከራከር ስለምችል ልተወው። አንድ ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም። ዴስክ፣ አንተ በ10 ሚሊዮን ላይ ሶስት ዕዳ ተደርድሯል ብለሃል። ሶስቱም በአንድ ቀን ገንዘባችንን ካሉ ማን ነው ዶላር የሚሰጣቸው? የለንደን ማዕከላዊ ባንክ ፓውንድ እንጂ ዶላር አያትምም።

ዴስክ_ላይ_የነበርኩ፦
አሁን ቁስሉን ነካኸው። ይሄ ገበያ ለሃምሳ ዓመት ያህል ይሄን ጥያቄ እየሸሸ ነው ያደገው። የ2008ቱ ቀውስ ላይ የአውሮፓ ባንኮች በአጭር ጊዜ ብድር ዶላር እየሰበሰቡ የአሜሪካ ቤቶች ብድር ላይ ዘርተውት ነበር፣ አበዳሪዎቹ አናድስም ሲሉ ዶላር የለም። ያኔ ነው የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ ፌዴራል ሪዘርቭ (ፌድ) ለሌሎች ማዕከላዊ ባንኮች ስዋፕ መስመር የከፈተው። እሱ ዶላር ይሰጣል፣ እነሱ በመያዣ ዩሮ ወይ የን ያስቀምጣሉ፣ ዶላሩን ለራሳቸው ባንኮች ያከፋፍላሉ። ዲሴምበር 2007 ላይ በትንሹ ተጀመረ፣ ኦክቶበር 2008 ላይ ለአራቱ ትልልቆች ጣሪያው ተነሳ፣ በዓመቱ መጨረሻ ያልተመለሰው ከ550 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ማርች 2020 ላይም ያው፣ አምስት ቋሚ መስመሮች ነበሩ፣ ለዘጠኝ ሌሎች ተከፈተ፣ ከ440 ቢሊዮን በላይ ደረሰ።

ስለዚህ መልሱ፣ የሚሰጣቸው ፌድ ነው፣ ከፈለገ። «ከፈለገ» የምትለዋን አስምርባት። መስመር የተሰጠው አለ ያልተሰጠው አለ፣ ያልተሰጠው ያለውን መጠባበቂያ እየሸጠ ነው የሚያልፈው። ከአሜሪካ ደንብ ያመለጠ ገበያ በጨነቀው ቀን የሚሮጠው ወደ አሜሪካ ነው።

ታሪክ_አሳዳጁ፦
ሌላም ቀዳዳ አለ፣ የሰዓቱ ልዩነት። ጁን 26 ቀን 1974 የጀርመኑ ሄርሽታት ባንክ በቀኑ የስራ ሰዓት መጨረሻ ተዘጋ። ከሱ ጋር ምንዛሬ የተዋዋሉ ባንኮች የጀርመኑን ገንዘብ ማርኩን ጠዋት ፍራንክፈርት ላይ ከፍለውታል፣ ዶላሩን ኒው ዮርክ ላይ ሊቀበሉ ሲጠብቁ ኒው ዮርክ ገና ጠዋት ነው፣ ባንኩ ግን ሞቷል። እስከ ዛሬ ያን ስጋት የሄርሽታት ሪስክ ነው የሚሉት። ሁለቱም ወገን ካልከፈለ ለማንም የማይከፍለው ሲኤልኤስ የሚባለው የክፍያ ተቋም ስራ የጀመረው በ2002 ነው፣ ሃያ ስምንት ዓመት ቆይቶ! እሱም የሚሰራው ለ18 ገንዘቦች ብቻ ነው፣ ዩዋን እስካሁን የለበትም።

ቀልደኛው_ትሬደር፦
ቆይ ግን በምንዛሬ ንግድ ለንደን አሁንም ናት እንዴ አንደኛ? ከብሬግዚት (እንግሊዝ ከአውሮፓ ህብረት ከወጣች) በኋላ አልቆላታል ሲሉ ነበር።

የቁጥር_ሰው፦
አላለቀላትም። ባዝል ያለው የዓለም አቀፍ ክፍያዎች ባንክ በየሶስት ዓመቱ ይቆጥራል። ኤፕሪል 2025 ላይ በቀን 9.6 ትሪሊዮን ዶላር ነው የተነገደው፣ በ2022 7.5 ነበር። ከሱ ውስጥ 38 በመቶ ገደማ እንግሊዝ ውስጥ ነው፣ ከአሜሪካ እጥፍ ገደማ ነው። ዶላር ደሞ ከመቶ ንግድ 89ኙ ላይ አንዱ ወገን ነው። ስለዚህ የጥያቄ_አለኝን ጥያቄ ገልብጠህ ካየኸው፣ ዶላር በብዛት የሚነገደው ከአገሩ ውጭ ነው። እንግዳው ቤቱ ያለው ነው።

ጥያቄ_አለኝ፦
ራሴን አዞረኝ ግን በጥሩ ነው። በራሴ ቋንቋ ልድገመውና አርሙኝ። ውጭ ያለ ዶላር ማለት አንድ የውጭ ባንክ ዶላር አለብኝ ብሎ የፃፈው ነው። ወለዱንም ህጉንም የሚወስነው ባንኩ ያለበት ቦታ ነው፣ ሲከፈል ግን ኒው ዮርክ ላይ ነው ስም የሚቀየረው። ዩዋን ላይ አጥር ስላለ ውስጥና ውጭ ዋጋ ይለያያል። ኤንዲኤፍ ላይ ደሞ ገንዘቡ ጭራሽ የለም፣ ዋጋው ብቻ ነው ያለው። ልክ ነኝ?

ዴስክ_ላይ_የነበርኩ፦
ከሞላ ጎደል። አንድ እርማት፣ ወለዱን ባንኩ ያለበት ቦታ ብቻውን አይወስነውም። ለንደን ላይ ያለ የዶላር ወለድ ኒው ዮርክ ካለው ብዙ መራቅ አይችልም፣ ምክንያቱም አጥር የለም፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚሄደው። ድሮ መለኪያው ላይቦር (ባንኮች እርስ በርስ እንበዳደርበታለን የሚሉት ወለድ) ነበር፣ ባንኮቹ ሲያጭበረብሩበት 2012 ላይ ተጋለጠና የዶላሩ በጁን 2023 ተቀበረ፣ አሁን ሁሉም ሶፈር የሚባለውን መለኪያ ነው የሚያየው፣ እሱ ደሞ የሚሰላው እዛው አሜሪካ ካለ ብድር ነው። እይ እንግዲህ፣ የውጭውን ዶላር ዋጋ የሚነግረን መለኪያ ወደ አገሩ ተመልሷል።

የምስራቅ_ነፋስ፦
ጥያቄ_አለኝ፣ ዴሞህ ላይ ያለው ዩዋን የትኛው እንደሆነ አይተሃል ግን?

ጥያቄ_አለኝ፦
አሁን ከፍቼ አየሁት። መጨረሻዋ ፊደል «ኤች» ነች። አምስት ወር ሙሉ የሆንግ ኮንጉን ቻርት እያየሁ የቤጂንጉን መነሻ ዋጋ ጠዋት ጠዋት ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ስመዘግብ ነበር፣ ለምን አይገጥሙም እያልኩ።

ቀልደኛው_ትሬደር፦
ደብተሩን እንዳትጥለው፣ ልዩነቱን ሳታውቀው እየለካህ ነበር እኮ።